በካራቫን ፍሪጅ ዙሪያ የሚገባው ብርድ

አንድ አንባቢ ከእንግሊዝ አገር ጽፈውልናል። የገዙት አሮጌ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ማረፊያ ቤት) በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ፍሪጅ አለው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከፍሪጁ ሥርና ከጎኑ ብርድ ስለሚገባባቸው፣ ከውጭ ያሉትን ሁለት መተንፈሻዎች በፎም ልድፈናቸው ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

እባክዎ አይድፈኗቸው። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ ጋዙን የሚጨምቅ ሞተር (ኮምፕረሰር) የለውም፤ በውስጡ ያለው አሞኒያ የሚዘዋወረው በሙቀት ኃይል ስለሆነ፣ ከጀርባው ያለው ትኩስ አየር በላይኛው መተንፈሻ ወጥቶ በታችኛው ቀዝቃዛ አየር ካልተተካ ማቀዝቀዙ ይደክማል። ከዚህ የሚብሰው ግን በጋዝ ሲሠራ የሚወጣው ጭስ ነው። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት የሚያስከትለውን ለአገራችን ሰው መንገር አያስፈልግም፤ እዚህም የሚፈራው ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ብርዱ የሚገባበት ክፍተት ጭሱንም ሊያስገባ ስለሚችል፣ መታሸግ ያለበት ከውስጥ፣ በፍሪጁና በቁም ሣጥኑ መካከል ያለው ቦታ ነው።

ክፍተቱን ለማግኘት ጋዙን ከሲሊንደሩ ዘግተው፣ ነፋሻ ቀን ጠብቀው፣ የሚጨስ የዕጣን እንጨት በፍሪጁ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ እያሉ ያዙሩ፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ትቶ ወደ ክፍሉ የተጋደመበት ቦታ እሱ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው ቧንቧና ሽቦ በሚያልፉበት የታችኛው ማዕዘን ነው።

ለማሸግ ፍሪጁ መውጣት አለበት። የጋዝ ቧንቧውን መፍታት፣ መልሶ መግጠምና ፍሳሽ አለመኖሩን መፈተሽ ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ሥራ ነው። ከዚያ ከጀርባው በኩል በግራ፣ በቀኝና በላይ ቀጭን ማቆሚያ ይመታና ተጣጣፊ የጎማ ከንፈር ይለጠፍበታል፤ ፍሪጁ ተመልሶ ሲገፋ ጎማውን ተጭኖ ይዘጋዋል። ሲልከንና ፎም ተቀጣጣይ በመሆናቸው አምራቾች ይከለክሏቸዋል። በፎም የተጣበቀ ፍሪጅ ለጥገና ለማውጣት ግማሽ ቀን ቢላዋ ይዤ ስታገል የዋልኩበትን ጊዜ አልረሳውም።

በወለሉ ላይ ወደ ውጭ የተበሱትን ቀዳዳዎችም አይንኩ፤ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ቢያፈስ የሚወጣው በእነሱ ነው።

ውጭው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ አምራቹ ለመተንፈሻዎቹ ያዘጋጀውን የብርድ ክዳን መግጠም ይቻላል፤ የጭስ መውጫውን ግን መሸፈን የለበትም፣ አየሩ ሲሞቅም መነሣት አለበት። ፍሪጁን እንደገና በጋዝ ከማስነሣትዎ በፊት ኢኤን 50291-2 (EN 50291-2) የሚል የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ገዝተው ይስቀሉ፤ ለካራቫን የተሠራው እሱ ነው።