«ቀናሽ ስኳር» ወይስ «ስኳር ቀናሽ»?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሳይንስ መምህርት ነኝ። የቤተ ሙከራ ማስታወሻ በአማርኛ ሳዘጋጅ፣ ስኳር መፈተሻ የሆነውን ሰማያዊ የቤኔዲክት ፈሳሽ ሲሞቅ ወደ ቀይ የሚለውጡትን ስኳሮች «ቀናሽ ስኳር» አልኳቸው። አንዷ ተማሪዬ «አያቴ ስኳር አለባት፤ ይሄ ይቀንስላታል?» አለችኝ። ቃሉ ስህተት ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው። «ስኳር ቀናሽ» ስኳርን የሚቀንስ ነገር ነው። «ቀናሽ ስኳር» ሲሆን ግን ቀናሹ ራሱ ስኳሩ ነው። ችግሩ ያለው ጆሯችን ላይ ነው። ፒያሳ ሻይ ቤት ገብተን «ስኳር ቀነስ አድርጊልኝ» እንላለን። ሐኪሙም «ስኳርዎ ቀንሷል» ይላል። ሁለቱ ቃላት በተገናኙ ቁጥር የሚቀንሰው ስኳሩ ነው። ልጅቷም የሰማችው ይህንኑ ነው።

ደግሞ «ስኳር አለባት» አለች እንጂ «አላት» አላለችም። ሕመሙ ያለው በዚያች «ባ» ውስጥ ነው። ጓዳ ያለው ስኳር «አለን»፣ ደማችን ውስጥ የበዛው «አለብን»። ይህን የአማርኛ ጥበብ በጣም እወደዋለሁ።

ወደ ሙከራው ስንመለስ፣ የሚቀነሰው የመዳቡ ቻርጅ ነው። ቤኔዲክትን ሰማያዊ ያደረገው መዳብ የ2 ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ከግሉኮስ ጋር ሲሞቅ ኤሌክትሮን ያገኛል፤ ቻርጁ ወደ 1 ይወርዳል፤ የሸክላ ቀይ ዝቃጭ ይሆናል። ስኳሩ እንግዲህ ሰጪ ነው። ስለዚህ እኔ «ኤሌክትሮን ሰጪ ስኳር» ብል እመርጣለሁ። ረዘም ይላል፤ ግን ማንንም አያሳስትም። ፈተና ላይ ስለሚገጥማቸው «ሪዱሲንግ ሹገር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስሙንም ያስተዋውቋቸው።

አንድ ነገር አደራ። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር፣ ሱክሮስ፣ ቤኔዲክትን አይለውጥም። ሰማያዊው እንዳለ ይቀራል። ያን ጊዜ «ስኳር የለውም» ብለው እንዳያስጽፉ! ልጆቹ በዓይናቸው እያዩት ስኳሩን ጨምረውታል። ሱክሮስ የግሉኮስና የፍሩክቶስ ጥምር ነው፤ ኤሌክትሮን የሚሰጡት ጫፎቻቸው እርስ በርስ ተያይዘዋል። ሱክሮሱ በቀጭን አሲድ ፈልቶ ሁለቱ ሲለያዩና የአሲዱ ኃይል በሶዲየም ባይካርቦኔት ሲጠፋ፣ ያው ቤኔዲክት ሲሞቅ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ሰማያዊው ሳይለወጥ ሲቀር «ኤሌክትሮን ሰጪ ስኳር አልታየም» ብለው ይጻፉ።

የቃል ምርጫው በስታርች ሙከራም ያስፈልጋል፦ ድንች ላይ አዮዲን ሲንጠባጠብ «ጠቆረ» ማለት ያስኬዳል። ማስታወሻው ላይ ግን «ጥቁር ሰማያዊ ሆነ» ይበሉ፤ የስታርች ምልክቱ ያ ሰማያዊ ነውና።