የበልግ ገበሬና የሌሎች ጭስ፦ ደሴ ላይ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ አየር ንብረት ፍትሕ ደሴ ላይ በተወያየንበት ዕለት ከደላንታ፣ ከመቄትና ከቆቦ የመጡ ተሳታፊዎች ብዙ ጠይቀውኛል። በግብርና ባለሙያነት ረጅም ዓመታት በወሎ ደጋና ቆላ ስለሠራሁ ከሞላ ጎደል የማውቀውን መልሻለሁ፤ ዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ፍትሕ ሲባል ፍርድ ቤት ነው የምናውቀው። ዝናብና ፍትሕን ምን አገናኛቸው?

የሚያገናኛቸው አጥፊውና ተጎጂው የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ገደማ ምድርን የሚያሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሲለቅ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ 0.2 ቶን እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነትም ኃላፊነቱ የጋራ ሆኖ ሸክሙ ግን እንደየድርሻው እንዲለያይ ደንግጓል። ስለዚህ የምንጠይቀው ምጽዋት ሳይሆን በሰነድ የታመነ ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ድርቅ እኮ ድሮም ነበረ። የ66ቱንም የ77ቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ማንን ከሰስን?

አባባ፣ ይህን ጥያቄ በማንሳትዎ አመሰግናለሁ፤ ድርቁን ሁሉ በሌላ ማሳበብ እውነትም ፍትሕም አይደለምና። ለምሳሌ የ2008ቱ ድርቅ የመጣው በኃይለኛ ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የዝናቡን ሥርዓት በሚያዛባው ክስተት ነበር። የ1966ቱን ረሃብ ያጠኑት ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ደግሞ በዚያ ክፉ ቀን የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረና እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይተዋል። ሰው የሞተው እህል ከምድሩ ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን መግዣ ስላጣ፣ የሚሰማውም ስላልነበረ ነው። እኔ በበኩሌ የውጭውን ዕዳ በጠየቅን ቁጥር ይህን የቤታችንን በደል አብረን ካላነሳን ክርክራችን ጎዶሎ ይሆናል እላለሁ።

አሁን የተጨመረው ነገር ሙቀቱ ነው። አየሩ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ስለሚችል ማሳውን ቶሎ ያደርቀዋል፤ ዝናቡም ሲመጣ አፈር ጠራርጎ የሚሄድ ዶፍ ይሆናል። በደጋው ክረምት ላይ ውርጩና ውሃ መተኛቱ ገብሱን ስለሚጎዳው ብዙ ገበሬ የሚተማመነው በበልግ ነው። በአንድ የበልግ ወቅት ደላንታ ውስጥ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ነበር። ድብኝቱን ከፍተው ከሥሩ የቀረውን የዘር ገብስ በእፍኝ እየሰፈሩ ወደ ሰፌዱ ያወጣሉ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናቡ ጀምሮ ስለተወ ዘራቸው አፈር ውስጥ ቀርቷል፤ የቀረችውን ለሦስተኛ ጊዜ ይዝሯት ወይስ ለልጆቻቸው ቂጣ ያድርጓት ብለው ጠየቁኝ። የሙያ ምክር ይዤ የሄድኩት ሰው ለዚያ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ስለ «ኪሳራ» ሲወራ በዓይኔ የሚመጣው ያ ሰፌድ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ልጆቼን ለብቻዬ የማሳድግ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ነኝ። ጉዳቱ በሁላችን ላይ እኩል ነው?

እኩል አይደለም፣ እህቴ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው መርሐ ግብር፣ ብዙ ቤተሰብ በሬውንና በጉን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር አግዟል። ይሁን እንጂ አራሽ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ስለምትሰጥ ምርቱ ሲያንስ የእሷም ድርሻ አብሮ ያንሳል፤ መሬት የሌለው ወጣት ደግሞ የሚቀረው መንገድ በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር ነው። እርከን ሲሠራ ጉልበቱን የሚያፈሰውና በእርከኑ የሚጠቀመው ሰው አንድ ካልሆነም ያው በደል ቀበሌ ድረስ ወርዷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ቃል የተገባው ገንዘብ የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ የበለጸጉት አገሮች ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ የሚሰጡትን ገንዘብ እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገቡ፤ የአፍሪካን ወገን በድርድሩ የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ገንዘቡ የተባለው መጠን ላይ የደረሰው በ2022 ሲሆን አብዛኛውም ብድር ነው። ሌላው ላደረሰው ጉዳት ተጎጂው ከነወለዱ እንዲከፍል ማድረግ እንዴት ፍትሕ ሊባል እንደሚችል አይገባኝም። በአየር ንብረት ለውጥ የተጎዱ አገሮችን ለመደገፍ የታሰበው የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወስኖ በ2023 ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ቢደረግም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቃል የተገባለት አንድ ቢሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም።

ጥያቄ፦ ደናችንን ጠብቀን ካርቦን መሸጥ እንችላለን?

ይቻላል፤ ካርቦን መሸጥ ማለት ዛፎቹ ከአየር የሚይዙትን ካርቦን አስለክቶ በዚያ ገንዘብ ማግኘት ነው። በወላይታ ሁምቦ ነዋሪዎች 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ መልሰው በማልማት ከካርቦን ሽያጭ ተጠቅመዋል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ግን ግጦሹና ማገዶው የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር።

ጥያቄ፦ ታዲያ እኛ ከዚህ ሆነን ምን ልናደርግ እንችላለን?

ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሰጠው የምክር አስተያየት አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸውና ግዴታውን መጣስ እስከ ካሳ ሊያደርስ እንደሚችል ገልጿል። አስተያየቱ አስገዳጅ ባይሆንም ለተጎጂ ትልቅ መከራከሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። ካሳ የሚጠይቅ ሰው የጠፋበትን ቆጥሮ ማሳየት አለበት፤ የእኛ ኪሳራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ወሎ ውስጥ ቅሬ (እድር) የሌለበት መንደር ማግኘት ያስቸግራል፤ ብዙው ቅሬም አባላቱን በስም የመዘገበበት ደብተር አለው። ከመጪው በልግ ጀምሮ በዚያው ደብተር ላይ ዝናቡ የጀመረበትና ያቆመበት ቀን፣ እያንዳንዱ ቤት የዘራው የዘር መጠን፣ የበቀለውና የጠፋው እንዲጻፍ የቅሬ ዳኞቻችሁን አነጋግሩ። ሠንጠረዡን አዘጋጅቼ አባዝቼዋለሁ፤ የምትፈልጉ ከመውጣታችሁ በፊት ከእኔ ውሰዱ።