የስምንተኛ ክፍል ውጤታቸውን ይዘው ለሚያመነቱ

ልጆቼ፣ ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት ካለፋችሁ በኋላ በአንድ በኩል የመግቢያ ፈተናው የሚያስጨንቅ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከቤታችሁ አሥር ደቂቃ የማይርቅና ሁሉም ሰው የሚያልፍበት ትምህርት ቤት ቀርቦላችሁ ታመነቱ ይሆናል። ዕድሜዬን በመንገድና በድልድይ ሥራ የጨረስሁ መሐንዲስ ነኝና ስለ ትምህርት ምሁራዊ ትንታኔ አትጠብቁብኝ፤ የምነግራችሁ የደረሰብኝን ነው።

እኔ የቀረሁት ከቤቴ አጠገብ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናቴን ጥዬ መሄድ ስላልቻልሁ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን አንደኛ መውጣቴ እንዳይቀርብኝ ፈርቼ ነበር። እንደተመኘሁትም አራት ዓመት አንደኛ ወጣሁ። የፊዚክሱ መጽሐፍ ግማሽ ሳይደርስ ዓመቱ ያልቃል፣ ላቦራቶሪው እንደተቆለፈ ይከርማል፣ እኔ ግን በየሴሚስተሩ ሰርተፍኬቴን ይዤ በኩራት ወደ ቤት እገባለሁ። ማትሪክን እንደምንም አልፌ በ1973 ዓ.ም. አራት ኪሎ ስገባ የመጀመሪያው የመካኒክስ ፈተና ውጤቴ ከመቶ 31 ሆነ። ከውጤቱ ይልቅ ግራ ያጋባኝ፣ የማላውቀውን ነገር ቁጭ ብሎ ማጥናት እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አለማወቄ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ መመለስ የሚያቅተኝን ጥያቄ የጠየቀኝ አስተማሪ አልነበረምና።

የእናንተ ዘመን ደግሞ ከእኔው ይብሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእነዚህም ትምህርት ቤቶች ውስጥ በየክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጅ እንደነበረ አስቡ።

ይህን ስል ግን ከባድ ነው የተባለ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ከእኔ የሚበልጥ ጭንቅላት የነበረው አብሮ አደጌ ወደ ከባዱ ትምህርት ቤት ሄዶ የገና በዓል ሳይደርስ ተመለሰ፤ ያሸነፈው ትምህርቱ ሳይሆን ረኃቡና ብቸኝነቱ ነበር። ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ ወይም የሚያበላ አዳሪ ቤት ሳይኖር ቤት ተከራይቶ መማር ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ማደሪያውና ምግቡ ከተሟላላችሁ ግን እንድትሄዱ እመክራለሁ፤ እዚያ ሠላሳኛ ብትወጡም።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በሁለቱም ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ፈልጉና የሒሳብ ደብተራቸውን ለምናችሁ ተመልከቱ። የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ የት ጋ እንደተሳሳቱ እያሳየ አርሞላቸዋል ወይስ በየገጹ ራይት ብቻ አድርጎ አልፏል? ያልገባው ልጅ ከክፍል በኋላ ማን ዘንድ እንደሚሄድም ጠይቁ። በግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የጎበዞች ፎቶግራፍ ይልቅ እኔ ይህን አምናለሁ።

ከሄዳችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን ዝቅተኛ ውጤት ከቤተሰብ አትደብቁ። እኔ ያንን የ31 ወረቀት ለአባቴ ያሳየሁት ተመርቄ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ነው። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ካየው በኋላ፣ «ከስንት ነው?» አለኝ።