በቦርድ ከሠራዊት ለወጡ፦ የሥራ ፍለጋ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

እኔም በሕክምና ቦርድ ነው ከመከላከያ የተሰናበትኩት። አሁን አዳማ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ስለምሠራ፣ ማመልከቻ ይዞ የሚዞረውንም ማመልከቻ የሚቀበለውንም ወገን አውቃለሁ። ተጎድታችሁ ለወጣችሁ፣ ለቤተሰብም ለቀጣሪም ጥያቄ ክፍት ነው ባልኩት መሠረት የመጡትን እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አሥር አለቃ ነበርኩ። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የለም፤ በሰው ሠራሽ እግር ነው የምሄደው። የትም ብጠይቅ «ጥበቃ አለ» ይሉኛል። ለእኛ ሌላ ሥራ የለም ወይ?

መልስ፦ አለ፤ ግን ማሳየት ያለብህ አንተ ነህ። ማመልከቻህ «በሠራዊቱ ውስጥ ለረጅም ዓመት አገልግያለሁ» ብሎ ካቆመ፣ ለሚያነበው ሰው የሚታየው ጠመንጃና የግቢ በር ብቻ ነው። እዚያ ቤት ምን ነበር የምትሠራው? ሾፌር? መካኒክ? ወጥ ቤት? ሬዲዮ? ሕክምና?

ለጥበቃ ሊያመለክት የመጣ አንድ ልጅ ነበር። ወሬ ስንጀምር ለካ የሻለቃው ንብረት ክፍል ውስጥ ነው የኖረው። ሞዴል 19 ቆርጦ ዕቃ የተረከበ፣ በሞዴል 22 ወጪ ያደረገ፣ ቢን ካርድ (የየዕቃውን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚያሳየውን ካርድ) የያዘ፣ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጉድለት ያልተገኘበት ሰው! አዳማ ውስጥ መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ማመልከቻው ላይ ግን ስለዚህ አንዲት ቃል አልነበረችም።

ስለዚህ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስታወጣ ማዕረግህ ብቻ ሳይሆን የሥራ መደብህም እንዲጻፍልህ ጠይቅ። የእጅ ሙያ ካለህ ደግሞ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተመዘን፤ ሙያውን የትም ተማረው የት፣ ምዘናውን ካለፍክ ወረቀቱ ከኮሌጅ ከወጣው ልጅ ጋር እኩል ያቆምሃል።

ጥበቃን መናቄ አይደለም፤ ብዙ ቤት የሚያድረው በእሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር ግን ለተቆረጠ እግር ከባድ ነው። ቆዳው ይላጣል፤ ሲላጥ ሰው ሠራሹን እግር ማጥለቅ አይቻልም፤ ያኔ ቀሪ ትሆናለህ፤ ቀሪ ሲደጋገም ደግሞ ትሰናበታለህ። የግድ ጥበቃ ከሆነ የቀን ፈረቃና ወንበር ያለበትን በር ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ጉዳቴ ሱሪ ስለብስ አይታይም። ማመልከቻዬ ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ የእኔ አስተያየት፦ ማመልከቻው ላይ ሙያህ ይቅደም፤ ጉዳቱን ለቃለ መጠይቅ ከተጠራህ በኋላ፣ ከመፈረምህ በፊት ተናገር። ስትናገርም «አካል ጉዳተኛ ነኝ» ብለህ አትተወው፤ የሚያስፈልግህን ጨምር። «ደረጃ እወጣለሁ፤ ከባድ ዕቃ ይዤ ግን አልወጣም» ብትል ሰውየው መገመቱን ትቶ ማሰብ ይጀምራል። ማሽን ላይ የሚያሠራ ቦታ ከሆነ መደበቁ ለራስህም አደጋ አለው።

ጥያቄ፦ ሕጉ ይረዳናል ትላላችሁ። አዋጁ ወረቀት ላይ ነው ያለው፣ እኛ መንገድ ላይ ነን!

መልስ፦ ግማሹን እቀበላለሁ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የጣሰው ቀጣሪ የሚቀጣው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው። በዛሬ ገበያ ይህ ማንንም አያስፈራም።

ሁለት ነገሮቹ ግን ይጠቅማሉ። የሚፈለገውን ችሎታ አሟልተህ ውጤትህ ከሌላው ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያው ለአንተ ነው። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተደረገብኝ ብለህ ስትከስ፣ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በቀጣሪው ላይ ነው። አባል የሆንክበት የአካል ጉዳተኞች ማኅበርም በአንተ ጉዳይ ክስ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ «አንተ አትሆንም» ሲሉህ ተቆጥተህ አትውጣ። «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በል። ይህን ብቻ ሰምተው ፋይሉን እንደገና ሲከፍቱ ያየኋቸው አለቆች አሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አካሉ ደህና ነው፤ ሌሊት ግን አይተኛም፤ በር ሲዘጋ እንኳ ይደነግጣል። ሁለት ሥራ ገብቶ ተጣልቶ ወጣ። ዘመዶቹ «ሰነፍ ሆኗል» ይላሉ። ምን ሥራ ይሻለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስንፍና አይደለም። ከጦርነት በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ሥራውን ከመፈለጋችሁ በፊት የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰጂው። ጠበል ከሄደም ይሂድ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ሦስቱን አርቁለት፦ መሣሪያ የሚያስይዝ ጥበቃ፣ የሌሊት ፈረቃ፣ ጩኸት የሚበዛበት የማሽን አዳራሽ። የቀጠሩት ሰዎች ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ወታደር ነው ብለው ያስገቡት ግን እነዚህ ውስጥ ነው ብዬ እገምታለሁ። የሚሻለው ሰዓቱ የማይለዋወጥ፣ አለቃው አንድ ሰው የሆነ ሥራ ነው፦ ችግኝ ጣቢያ፣ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት፣ የመለዋወጫ ሱቅ ጓዳ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን ቢሆን እመርጣለሁ። ለአለቃውም ሕመሙን በሙሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ «ከኋላው በድንገት አትንኩት፣ ሲጨንቀው ለጥቂት ደቂቃ ይውጣ» ማለት ይበቃል። በቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።

ጥያቄ፦ ቀኝ እግሬን ነው ያጣሁት። ባጃጅ መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ባጃጅ ለእግር ጉዳተኛ ከመኪና ይቀላል። ነዳጁ በቀኝ እጅ፣ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ መያዣ ላይ ነው፤ እግር የሚፈልገው ፍሬኑ ብቻ ነው። ችግሩ ፔዳሉ የሚገኘው በቀኝ በኩል መሆኑ ነው፤ ግራ እግሩን ያጣ ሰው ቢሆን እንዳለ ይነዳው ነበር። አንተ ፔዳሉን ወደ ግራ ማዛወር ወይም በእጅ እንዲያዝ ማድረግ ይኖርብሃል። ይህን የሚሠራ ብየዳ ቤት አዳማ ውስጥ አይጠፋም፤ ግን ፍሬን ነውና በሠሪው አትቀልድ። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን የመንጃ ፈቃዱን የጤና ምርመራ አስቀድም። ባጃጁን ገዝተው ፈቃዱ የቀረባቸው አሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ጆሮዬ በመድፍ ድምፅ ጠፍቷል። ችግር ይሆናል?

መልስ፦ ለአብዛኛው ሥራ አይሆንም። ስትቀመጥ የማይሰማው ጆሮህ ወደ ግድግዳ፣ የሚሰማው ወደ ሰው ይሁን። ፎርክሊፍት የሚመላለስበት መጋዘን ውስጥ ግን አትግባ፤ የቀረህንም ጆሮ ጩኸት ካለበት ቦታ ጠብቀው።

ጥያቄ፦ ዳቦ ቤት አለኝ። አንድ የተጎዳ ወታደር ብቀጥር ደስ ይለኛል፤ ወጪው ግን ያሳስበኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አብዛኛው ወጪ ከሚያስቡት ያንሳል፦ ከፍ ያለ በርጩማ፣ ወደ ወገብ የወረደ መደርደሪያ፣ በደረጃው ፋንታ ተዳፋት ሲሚንቶ። ከዚህ ይልቅ የምፈራልዎት ሌላ ነው። ለውለታ ብለው ከቀጠሩት ሲያጠፋ አይናገሩትም፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ያኮርፋሉ፤ እሱም ይገባዋል። እንደማንኛውም ሰው ይቅጠሩት፤ የሙከራ ጊዜው በአዋጅ 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ካልቻለ ያሰናብቱት፤ ከቻለ ሙሉ ደመወዙን ይክፈሉት።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ እግሬ ላልቶብኛል፤ ሥራ ደግሞ ሰኞ ልጀምር ነው።

መልስ፦ ሰኞውን አስለውጥ። ከቆረጣ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀረው እግር እየሟሸሸ ስለሚሄድ ሰው ሠራሹ መላላቱ የሚጠበቅ ነው። አሰላ የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚጀምሩበትን ቀን በአንድ ሳምንት የገፋ ሰው ቦታውን አያጣም፤ በመጀመሪያው ሳምንት እያነከሰ ቀሪ የሆነ ግን ያጣል።

ጥያቄ፦ ኦሮምኛ አልችልም፤ የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ በኦሮምኛ ነው።

መልስ፦ የክልልና የከተማ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ እሱ ነውና አይገርምም። ለጊዜው ፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ ባንኮችን፣ ባቡሩን፣ ሞጆ ደረቅ ወደብንና የግሉን ተመልከት። እግረ መንገድህን ቋንቋውን ከቁቤው (ከኦሮምኛው ፊደል) ጋር ተማር፤ እዚህ ለመኖር ካሰብክ ከሲኦሲ ያላነሰ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን እኛንም ይመለከታል? ጡረታዬስ ሥራ ስጀምር ይቋረጣል?

መልስ፦ ኮሚሽኑ በ2015 የተቋቋመው ለቀድሞ ታጣቂዎች ነው፤ ከመከላከያ በቦርድ ለወጣ ሰው መንገዱ ያሰናበተው ክፍልና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ናቸው። ጡረታውን በተመለከተ፣ በተለይ የምትገባው መንግሥት ቤት ከሆነ፣ ከመፈረምህ በፊት የጡረታ ጽሕፈት ቤቱ መልሱን በጽሑፍ ይስጥህ። የሰው ኃይል ሠራተኛ በቃል የሚነግርህን፣ እኔንም ጨምሮ፣ አትመን።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አልፌ ዋስ አምጣ ተባልኩ። አገሬ ሩቅ ነው፤ ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ዋስ የሚጠየቀው ገንዘብና ንብረት ለሚያስይዝ ሥራ ነው፤ እዚያው ድርጅት ውስጥ የማያስጠይቅ መደብ ካለ መጀመሪያ በእሱ ግባ፤ ሰው ሲያውቅህ ዋስ ይመጣል። አብሮህ የነበረ፣ አሁን ደመወዝተኛ የሆነ ጓድ ካለህ ለመጠየቅ አትፈር። «በገንዘብ ዋስ አገኝልሃለሁ» ከሚል ደላላ ግን ራቅ። ወረቀቱ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂው ደላላው ሳይሆን ፈርመህ ያስገባኸው አንተ ነህ።