አልጋ የተገጠመላት ሚኒባስና የመድን ውሏ

ጥያቄ፦ የሃያስ ሚኒባሴን የኋላ ወንበሮች አስነቅዬ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ ሮቶና ተጨማሪ ባትሪ አስገጥሜባታለሁ። ፖርቶመጋላዋ ላይ ድንኳንና ሶላር አለ። ከቤተሰቤ ጋር ጎርጎራ እንወርድባታለን፤ አልፎ አልፎም ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች አከራያታለሁ። ታርጋዋ ኮድ 2 ነው፤ ያለኝም የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው። ይበቃኛል ወይስ ሙሉ መድን ልግባ?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አይበቃዎትም። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የተደረገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ያውም ሕጉ እስከወሰነው ጣሪያ ድረስ። ሚኒባስዋ ሊማሊሞ ላይ ብትገለበጥ ለራሷ ሰባራ ሳንቲም የለውም።

ሙሉ መድን ይግቡ። ነገር ግን ወደ መድን ድርጅት ከመሄድዎ በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ይሂዱ። ሊብሬዎ እስካሁን የሚያውቃት በወንበሮቿ ነው፤ አልጋውን አያውቅም። ለውጡ በሊብሬው ላይ ካልሰፈረና በመድን መጠየቂያ ቅጹ ላይ ካልተገለጸ፣ አደጋ በደረሰ ዕለት ገማቹ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ኪራዩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በግል አገልግሎት መድን የገባች መኪና ገንዘብ ተቀብላ ሰው ስትጭን ከተገኘች ካሳውን መከልከል ለድርጅቱ ቀላል ነው። ወይ ኪራዩን ይተዉት፣ ወይ ታርጋውንና ፈቃዱን ወደ ንግድ ለውጠው በዚያው አገልግሎት መድን ይግቡ። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፍሉት ክፍያ፣ ይጨምራል፤ ቢጨምርም ከባዶ ውል ይሻላል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ዋጋው ላይ ነው። አረቦን ለመቆጠብ ሲባል ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ የተለመደ ነው፤ ትርፉ ግን ኪሳራ ነው። የዛሬ ገበያዋ 3,000,000 ብር የሆነች መኪና በ1,800,000 ብር ተጽፋ እንደሆነ መድን የገባው 60 በመቶዋ ብቻ ነው። የ500,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት የሚታሰብልዎት 300,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ከራስዎ የሚሸፈነው ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ይቀነሳል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ስለናረ፣ የአምናውን ቁጥር ገልብጦ ማሳደስ አያዋጣም። ከፍ አድርጎ ማስጻፍም አይጠቅምም፤ መድን የጠፋውን ይተካል እንጂ አያተርፍም።

አልጋው፣ ባትሪው፣ ሶላሩና ድንኳኑ ከነዋጋቸው ተዘርዝረው ከውሉ ጋር ይያያዙ፤ የገዙበትንና ያስገጠሙበትን ደረሰኝ ይጠብቁ። በብሎን ያልታሰረ ነገር፣ ማለትም ብርድ ልብስ፣ ካሜራ፣ ስልክ፣ በተሽከርካሪ መድን አይሸፈንም። ደባርቅ ሲያድሩ መኪና ውስጥ ጥለውት አይግቡ።

የጋዝ ሲሊንደሩን አይደብቁ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ የሚታሰርበት፣ ከመኝታው የተለየና ከታች ወደ ውጭ መተንፈሻ ያለው ሳጥን ያስፈልገዋል። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ቫልቩ ይዘጋ። ይህ ለመድኑ ሳይሆን ለነፍስዎ ነው፤ የእሳት ጉዳት ሲመረመር ግን የድርጅቱ ገማቾችም እዚያው ላይ ይመጣሉ።

ውሉን ሲፈርሙ አንዳንድ ነገር ይጠይቁ። መጎተቻ እስከ ስንት ብር ይከፈላል? ከደባርቅ ጎንደር ብቻ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከሳንቃበር ወዲያ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ለሾፌሩና ለተሳፋሪው የአካል ጉዳት ሽፋን አለው? ብዙ ጊዜ ለብቻው ይገዛል። ጦርነትና ሁከት ከመደበኛው ውል ውጭ ስለሆኑ የፖለቲካ ግጭትና ሽብር ሽፋን በተጨማሪ ክፍያ ያስገቡ፤ በእኛ አካባቢ ይህን መዝለል አንመክርም። የጎማ መቆረጥን፣ የሞተር ብልሽትንና እርጅናን ግን አይጠብቁ፤ አይሸፈኑም።

አደጋ ከደረሰ ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መኪናዋን አያንቀሳቅሱ። ፎቶ ያንሱ፣ በዚያው ቀን ለድርጅቱ ያሳውቁ። ድርጅቱ ሳያያት ጋራዥ አስገብተው ካስፈቱ ክርክሩ በእርስዎ ላይ ይዞራል።

ጥያቄ፦ የኔዋ ክረምቱን በሙሉ ግቢ ውስጥ ነው የምትቆመው። መድኑን ላቋርጥ?
አንባቢ፣ ከማራኪ

መልስ፦ አያቋርጡ። የቆመች መኪናም ትሰረቃለች፣ ትቃጠላለች። ከሙሉው ወጥተው ወደ ሦስተኛ ወገን፣ እሳትና ስርቆት ሽፋን መውረድ ይቻል እንደሆነ ድርጅቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ተመላሽ ካለም በጽሑፍ ያስሰጡ። መስከረም ላይ ከግቢ ሳትወጣ በፊት ወደ ሙሉው መመለስዎን እንዳይረሱ። ዝናቡ ሲያቆም ጎርጎራ ለመውረድ የሚቸኩለው ሰው የሚረሳው እሱን ነው።