ሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ማን፣ ስንት ይከፍላል? ጥያቄና መልስ

መልሶቹ የተመሠረቱት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች፣ የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም። መሥሪያ ቤታችሁ የኅብረት ስምምነት (ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል) ካለው ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሕንፃ ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ከመወጣጫ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ፎርማኑ «ያልተጠነቀቅከው ራስህ ነህ፤ ደግሞም ውል የለህም» አለኝ። መብት አለኝ?

አለህ። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ስለዚህ «ማን አጠፋ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የትም አያደርስም። አሠሪው የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። ሕጉ እንደዚያ የሚቆጥራቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ እና አካልንና አእምሮን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት። «ሄልሜት አላደረገም» የሚል አሠሪ ሄልሜቱን እንደሰጠና እንዲደረግ በግልጽ እንዳዘዘ ማሳየት አለበት። በቁጥር የማይበቃ ሄልሜት መጋዘን ውስጥ ቆልፎ እንዲህ ማለት አያዋጣም።

የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው በጽሑፍ ስላልሰጠህ መብትህ አይቀርም። የጎደለህ ማስረጃ ብቻ ነው፤ የክፍያ ፔሮል ላይ ያለው ፊርማህ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ የመግቢያ ባጅ፣ አብረውህ የሠሩ ሁለት ምስክሮች። ምስክሮቹን ቶሎ ያዝ። ሳይት ሲዘጋ የቀን ሠራተኛ ይበተናል፣ ስልክ ቁጥርም ይቀየራል።

ጥያቄ፦ አደጋው እንደደረሰ መጀመሪያ ምን ይደረግ?

አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ ተጎጂውን በአቅራቢያው ወዳለ ሕክምና ተቋም ማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሕክምናው ቀዶ ጥገናን፣ መድኃኒትን፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካልን ይጨምራል፤ ሁሉም በአሠሪው ወጪ ነው።

ብዙ ፋይል የሚበላሸው ግን ካርድ ክፍል ነው። አብሮ የሄደው የድርጅቱ ሰው «ቤት ወደቅሁ በል፤ ሕክምናውን እኛ እንሸፍናለን» ይላል። ሐኪሙ የሰማውን ይጽፋል። ከስድስት ወር በኋላ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ «በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ድርጅት፣ ይህን ማሽን ስሠራ» ተብሎ ታሪክህ ላይ እንዲሰፍር አድርግ። ለአሠሪውም በሁለት ኮፒ ማመልከቻ ጽፈህ ያንተ ኮፒ ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስደርግ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ላክና ደረሰኙን አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አልጋ ላይ ነኝ፤ ሥራ ባልገባባቸው ወራት ደመወዝ ይከፈለኛል?

ለጊዜያዊ ጉዳት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከፈላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ደመወዝዎ 6,000 ብር ከሆነ 18,000፣ ከዚያ 13,500፣ ከዚያ 18,000፤ በጠቅላላው 49,500 ብር። ሐኪም «ድነዋል» ካለ፣ ወይም የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ማግኘት ከጀመሩ ከዓመቱ በፊት ይቆማል። «የሕመም ፈቃድህ አልቋል» የሚል መልስ ከተሰጠዎት አይቀበሉ፤ ተራ የሕመም ፈቃድ ሌላ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽን ሁለት ጣቶቼን ቆረጠኝ። ሐኪም 30 በመቶ ዘላቂ ጉዳት አለ። ስንት ነው የሚደርሰኝ?

መጀመሪያ መቶኛውን ማን እንደሰጠው ይዩ። የአንድ ሐኪም ማስታወሻ በቂ አይደለም፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ቦርዱ በተቻለ መጠን ጉዳቱ በደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ይጠብቃል። ወደ ቦርዱ የሚላከው ብዙውን ጊዜ በደብዳቤ ስለሆነ አሠሪው አልጽፍም ካለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይለያል። ድርጅቱ ለዚህ የሚሆን ኢንሹራንስ ካለው ኢንሹራንሱ፣ ሠራተኛው በጡረታ ከታቀፈ (11 በመቶ ከአሠሪ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛ የሚዋጣበት) በጡረታ ሕጉ መሠረት ይከፈላል። በጡረታ ላልታቀፈ ሠራተኛ አሠሪው ራሱ በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ለከፊል ጉዳት ደግሞ በመቶኛው ልክ። በወር 6,000 ብር ቢሆን በዓመት 72,000፣ በአምስት ዓመት 360,000 ይሆናል፤ 30 በመቶው 108,000 ብር ነው።

ወጥመዱ «ደመወዝ» የሚለው ላይ ነው። የትርፍ ሰዓት፣ አበልና ጉርሻ ደመወዝ አይባሉም። እጅ ላይ 9,000 ብር እየገባ ፔሮሉ «ደመወዝ 4,000፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል 5,000» የሚል ከሆነ ስሌቱ በ4,000 ይሠራል። ይህን ጤነኛ ሆነው እያለ ማስተካከል ነው የሚሻለው። ተለማማጅ ግን የሚሰላለት ቢመረቅ በሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ይህን የሚያውቅ አሠሪ ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ፊቴ በእሳት ተቃጠለ። መሥራት ስለምችል «ጉዳት የለብሽም» ተባልኩ።

ትክክል አይደለም። የመሥራት ችሎታን ባይቀንስም ከባድ የመልክ መበላሸት ካስከተለ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል። ቦርዱ ፊት ስትቀርቢ ይህንኑ በማመልከቻሽ ላይ ጥቀሺ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፋብሪካ ውስጥ አደጋ ደርሶበት አረፈ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። በጡረታ አልታቀፈም ነበር።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለቀብር ከሁለት ወር ደመወዝ ያላነሰ ይከፈላል። ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዝ ሆኖ ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ እያንዳንዱ ልጅ 10 በመቶ፣ ሟች ይጦራቸው ለነበሩ ለእያንዳንዱ ወላጅ 10 በመቶ ይደለደላል። ድምሩ ከመቶ ካነሰ የሁሉም ድርሻ በተመጣጣኝ ይጨመራል፤ ከበለጠም እንዲሁ ይቀነሳል። የእናንተ ድምር 70 ነው። አጠቃላዩ 360,000 ብር ቢሆን ላንቺ 257,142 ብር ከ86 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 51,428 ብር ከ57 ሳንቲም ይደርሳል እንጂ 30 በመቶው ለአሠሪው አይቀርም። የጋብቻ ማስረጃና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ከወዲሁ አዘጋጂ። በዚህ ገንዘብ ላይ ግብር አይቆረጥም፣ በዕዳም አይያዝም።

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ ስሄድ በመኪና ተገጨሁ። ይካተታል?

ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ላይ ከነበርክ አዎ። በራስህ ወጪ በታክሲ ከሆነ አይካተትም፤ ያኔ ጥያቄህ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በባለ መኪናው ላይ ነው። ባለ መኪናም ያለ ጥፋት ኃላፊ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ስለሆነ የመድን ድርጅቱን ስም ከፖሊስ ሪፖርቱ ውሰድ፤ ገጭቶ ላመለጠም ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። የክስ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ለሕሊና ጉዳት (ለኀዘንና ለሥቃይ ለሚከፈለው) ብዙ አትጠብቅ፤ ሕጉ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፣ በዛሬ ገበያ ጫማም አይገዛም። ዋናውን ጥያቄ በታጣ ገቢና በሕክምና ወጪ ላይ አቁመው፣ ደረሰኝ አትጣል።

በነገራችን ላይ አሠሪው ራሱ ጥፋተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ የማሽኑን መከላከያ አውልቆ ካሠራ፣ ሠራተኛው በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኪሣራ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ የአበባ እርሻ ኬሚካል ያሳመመው ሰውስ?

በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንደ አደጋ ይካሳል። በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ ግን ሥራህ በሽታውን መከላከል ካልሆነ በቀር አይቆጠርም። የትኛውን ኬሚካል፣ ስንት ወር፣ በምን መከላከያ እንደረጨህ ለሐኪም በዝርዝር ንገር፤ የጣሳው ላይ ጽሑፍ ፎቶም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ተሰናበትኩ። ካሣ ከወሰድኩ የስንብት ክፍያ ይቀርብኛል?

መሥራት አለመቻልህ በሕክምና ከተረጋገጠ አይቀርም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ።

ጥያቄ፦ 20,000 ብር ሰጥተው «ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ። ልፈርም?

እንደተጻፈ አይፈርሙ። ገንዘቡ ካስፈለገዎት «በዚህ ቀን ለደረሰብኝ የሥራ ላይ ጉዳት ከሚገባኝ ካሣ በከፊል የተቀበልኩት» ብለው ጽፈው ይፈርሙ፣ ኮፒም ይያዙ። ይህ በሁለት በኩል ይጠቅማል፤ አሠሪው ጉዳቱን ማመኑን ያሳያል፣ ከፊል ክፍያም ይርጋን (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደብን) ያቋርጣል።

የጉዳት ካሣ ይርጋ አንድ ዓመት ነው። የቦርድ ውጤት እየጠበቁ የሚያሳልፉት ብዙዎች ስለሆኑ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ይቁጠሩ፤ ውጤቱ ባይደርስም ክሱን ከፍተው የቦርዱን ውጤት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስቀርቡ። ክፍያን የሚመለከት የግል ክርክር የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይጠበቃል፣ ይግባኙ ደግሞ በ30 ቀን ነው።