ምኒልክ የሌለበት ጥቅል፤ ለባንኩ ግን ምን አሉት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አብሮኝ ለሚኖረው የ15 ዓመት የእህቴ ልጅ ‹ሲቪላይዜሽን 6› የሚባለውን የስትራቴጂ ጌም በቅናሽ ሰሞን በኢንተርኔት ገዛሁለት። ‹ፕላቲነም› የሚለውን ጥቅል የመረጥኩት ሁሉም ነገር ያለበት መስሎኝ ነው። ልጁ የፈለገው ኢትዮጵያን ይዞ በአፄ ምኒልክ መጫወት ነበር፤ ቪዲዮ ላይም አይተናል። ከፍቶ ቢፈልግ ቢፈልግ ምኒልክ የሉም። ገንዘቤን መልሱ ብል መደብሩ እምቢ አለ። ይባስ ብሎ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የልጁን አካውንት ገደቡበት፤ ምንም መግዛት አይችልም። በማታለልና በበቀል ልከሳቸው እችላለሁ ወይ?» (መ.)

መልስ፦ አቶ መ.፣ ደብዳቤዎ ላይ ስለ ምኒልክ ብዙ አለ። ስለ ባንክዎ ግን አንድም ቃል የለም። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ እሱ ነው።

መደብር ዝም ብሎ ተነስቶ የደንበኛን አካውንት አይገድብም። ሪፈንድ ተከልክሎ ብዙም ሳይቆይ አካውንት ሲገደብ፣ በሥራዬ እንዳየሁት መሃል ላይ አንድ ነገር አለ። ደንበኛው ተናዶ ባንኩ ዘንድ ሄዷል፤ ክፍያውን ዲስፒዩት አድርጓል፤ ማለትም ይሰረዝልኝ ብሎ ለባንኩ አመልክቷል። እርስዎም ይህን አድርገው ከሆነ መጻፍ ነበረብዎት። ለጠበቃ የሚነገረው የሚያኮራው ብቻ አይደለም። አላደረግኩም ካሉ ደግሞ ከዚህ በታች ስለ ባንኩ የምለውን ይዝለሉት።

አስቀድሜ የጥቅሉን ነገር ላንሳ።

የ«ሲቪላይዜሽን 6» ዋናው ጌም የወጣው በ2016 ነው። ሁለት ትልልቅ ማስፋፊያዎች (በዋናው ጌም ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ክፍሎች) ተከተሉት፤ «ራይዝ ኤንድ ፎል» በ2018፣ «ጋዘሪንግ ስቶርም» በ2019። «ፕላቲነም» የሚባለው ጥቅል የተዘጋጀው በዚያው በ2019 መጨረሻ አካባቢ ሲሆን ዋናውን ጌም፣ ሁለቱን ማስፋፊያዎችና እስከዚያ የወጡትን ትንንሽ ጭማሪዎች ይዟል። ኑቢያ ሳትቀር አለችበት። ኢትዮጵያና ምኒልክ ግን የመጡት በሐምሌ 2020 (በፈረንጆቹ) ነው። «ኒው ፍሮንቲር ፓስ» ከተባሉት ስድስት ጭማሪዎች አንዱ ሆነው ነው የወጡት። እነሱም ያሉበትን ከፈለጉ በ2021 የወጣው «አንቶሎጂ» የሚባል ሌላ ጥቅል አለ። የኢትዮጵያውን ጭማሪ ለብቻው መግዛትም ይቻላል።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር በዚህ ጌም ልማድ ሆኗል። በአራተኛው ክፍል ዘርዓ ያዕቆብ የመጡት በ2007ቱ ማስፋፊያ ነው። በአምስተኛው ኃይለ ሥላሴ የመጡት በ2012ቱ ማስፋፊያ ነው። ንጉሦቻችን ሁሌም ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ናቸው። ያናድዳል፤ ግን አያስከስስም።

«ፕላቲነም» ሲባል «የተሟላ» ብሎ መረዳት ተፈጥሯዊ ነው፤ አልፈርድብዎትም። በሜሪላንድ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሻጭ ውሸት ወይም አሳሳች ነገር ከተናገረ፣ ወይም ማወቅ የነበረብዎትን ዋና ነገር ከደበቀ ያስጠይቀዋል። ክርክሩን የሚወስነው የሽያጭ ገጹ ነው። እነዚህ ገጾች አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሉ የያዛቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ ላይ ኢትዮጵያ ከሌለች «አልነገሩኝም» ማለት ከባድ ነው። ዝርዝሩ ላይ ካለች፣ ወይም «ሙሉው ስብስብ» የሚል ጽሑፍ ከነበረ፣ ያኔ ጉዳይ አለዎት። አየን ያሉት ቪዲዮስ የማን ነው? የሻጩ ነው ወይስ አንድ ዩቲዩበር ቤቱ ተቀምጦ የሠራው? ሻጩ ዩቲዩበሩ ላለው አይጠየቅም። በገዙበት ቀን የነበረውን ገጽ ስክሪንሹት አድርገዋል? ካላደረጉ ቢያንስ በኢሜይል የመጣውን ደረሰኝ ይፈልጉ። የዕቃው ሙሉ ስም እሱ ላይ ተጽፏል። ከማንኛውም ሌላ ነገር በፊት እሱን አትመው ያስቀምጡ።

ስለ ሪፈንድ በአጭሩ። የመደብሩን ስም አልጻፉልኝም፤ ስለዚህ ደንቡ በይፋ የሚታወቀውን የኢንተርኔት ጌም መደብር፣ ስቲምን፣ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ተጫውተው ከሆነ ምክንያት ሳይጠየቁ ይመልሳሉ። ጥቅል ከሆነ የሁሉም ሰዓት ተደምሮ ከሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለብቻው የተገዛ ማስፋፊያ ከሆነ ደግሞ የሚቆጠረው ማስፋፊያው ከተገዛ በኋላ ዋናውን ጌም የተጫወቱበት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ለተኩስ ጌም ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለ ስትራቴጂ ግን ልጁ ገና ጦርና ጋሻ ይዞ ሁለተኛ ከተማውን ሲቆረቁር ያልቃል። ከፍቶት እራት ሊበላ ቢሄድ እንኳን ይቆጠራል። ልጁ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ አልጻፉም። «ቢፈልግ ቢፈልግ» ስላሉ ግን እገምታለሁ። ቁጥሩ አካውንቱ ላይ አለ፤ ይዩትና ይጻፉት።

ጌሙ «የእኔ ንብረት ነው» የሚለውን ክርክርም ይተዉት። የተሸጠልዎት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ ሻጮች ይህን ሳይገልጹ «ግዛ» እንዳይሉ በሕግ ደንግጋለች። የፈረንሳይ ሰበር ችሎትም በኦክቶበር 2024 የስቲም ጌምን መልሶ የመሸጥ መብት ይከበር ያለውን የሸማቾች ማኅበር ክርክር አልተቀበለም። አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የ14 ቀን የመሰረዝ መብት አለን ብላችሁ አትመኩ። ዳውንሎዱ ወዲያው ይጀመር ብላችሁ ስትስማሙ፣ መብቱ እንደሚቀር አውቃለሁ የሚለውንም ሳጥን አብራችሁ ምልክት አድርጋችሁበት ይሆናል።

አሁን ወደ ባንኩ።

የባንክዎን አፕ ከፍተው ክፍያውን ሲነኩት ምክንያት ይጠይቅዎታል። ምርጫዎቹ እንደ ባንኩ ይለያያሉ፤ ይዘታቸው ግን ይህን ይመስላል። «ዕቃው አልደረሰኝም።» «እንደተባለው ሆኖ አላገኘሁትም።» «ይህን ክፍያ አላውቀውም።» የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ማብራሪያ ይጠይቃሉ፤ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን ያያይዙ ይላሉ። ሦስተኛው ምንም አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ይነኩታል፣ ገንዘቡ በጊዜያዊነት ይመለሳል። ሰውም የቀለለውን ይነካል። ደንበኞቼ ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ነው።

እርስዎ የትኛውን ነኩ? ካላስታወሱ ፖስታ ሳጥንዎን ያስታውሱ። ሰሞኑን ባንኩ አዲስ ቁጥር ያለው ካርድ ልኮልዎታል? የድሮው ካርድ ድንገት አልሠራ ብሎዎታል? እንዲያ ከሆነ የነኩት ሦስተኛውን ሳይሆን አይቀርም። ባንኩ ካርዱ የተሰረቀ መስሎት ቀይሮት ይሆናል።

የዚህን ክብደት ላስረዳዎት። «አላውቀውም» ማለት «አልገዛሁም፣ ሌላ ሰው ነው በካርዴ የተጠቀመው» ማለት ነው። ለእኔ የጻፉልኝ ደግሞ «ገዛሁ፣ ግን ተታለልኩ» ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በአፕ ላይ ምንም አይመስልም፤ ዳኛ ፊት ግን በአንድ ራስ ሁለት ምላስ ነው። መደብሩን ቢከሱ የእነሱ ጠበቃ መጀመሪያ የሚያቀርበው ማስረጃ የእርስዎን የባንክ ቅጽ ይሆናል። «ይህ ሰው ግዢውን ክዷል፤ አሁን ደግሞ ገዢ ነኝ ይላል» ይላል። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

መደብሩ ዝም አይልም። ባንኩ ሲጠይቀው መልስ ይሰጣል። ግዢው የተፈጸመው ከቤትዎ ኢንተርኔት ነው። ደረሰኙ የሄደው ለሚታወቅ ኢሜይል ነው። ጌሙ ተጭኗል፣ ይህን ያህል ሰዓት ተጫውተውበታል። ባንኩ ይህን ሲያይ በጊዜያዊነት የሰጠዎትን መልሶ ይወስዳል። እስከዚያ አካውንቱ እንደተገደበ ይቆያል። ለመደብሩ ካርዱ ተሰርቋል የተባለበት አካውንት አደገኛ ነው። ስለዚህ እርስዎ በቀል ያሉት ነገር ውሉ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ውሉን አንብበዋል? አላነበቡም፤ ማንም አያነብም። አሁን ግን ያንብቡት።

እዚያ አካውንት ውስጥ ያለው ምኒልክ የሌሉበት ጥቅል ብቻ አይደለም። ልጁ ባለፉት ዓመታት በልደቱም በገናም ያጠራቀማቸው ጌሞች አሉ። ለአንድ ጥቅል ብለው የእነዚያን ሁሉ ዕድል ነው ያስያዙት። ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ልጁን ጠይቀውት ነበር?

ለባንክ እያወቁ ሐሰት መናገር በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በዚህች ገንዘብ ዐቃቤ ሕግ ይመጣብዎታል ብዬ ላስፈራራዎት አልፈልግም። ባንኩ ግን ካርድዎን ሊዘጋ ይችላል፤ ነገ ካርድዎ በእውነት ሲሰረቅም በጥርጣሬ ሊያይዎት ይችላል።

ትክክለኛው የዲስፒዩት መንገድ አለ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ የፌዴራሉ ሕግ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከልዎት ጀምሮ 60 ቀን ይሰጥዎታል፤ ያውም በጽሑፍ። «እንደተባለው አይደለም» ለሚል ክርክር ደግሞ መጀመሪያ ከሻጩ ጋር በቅንነት ለመጨረስ መሞከርዎን ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። ሌሎች ገደቦችም አሉት፤ የገንዘቡ መጠንና የሻጩ ርቀት ሳይቀር ይታያል። በዴቢት ካርድ ከሆነ ጥበቃው ጠበብ ያለ ነው፤ ዋናው ትኩረቱ ያልፈቀዱት ክፍያ ላይ ነው። የእርስዎ የትኛው ነው? ይህንንም አልጻፉም።

ሦስተኛውን ነክተው ከሆነ፣ ለባንኩ አጭር ደብዳቤ ይጻፋል። ግዢው የእርስዎ እንደሆነ፣ ምክንያቱ በስህተት እንደተመረጠ፣ እንዲስተካከል ወይም እንዲነሳ እንደሚፈልጉ ይገልጻል። ከዚህ በላይ አንድ መስመር አይጨምሩ። «ተናድጄ ነው»፣ «ሰው መክሮኝ ነው» አይበሉ። ከመላክዎ በፊት ደግሞ ጠበቃ ይየው፤ እኔ ካልሆንኩ ሌላ። በስልክ ብቻ አይጨርሱት። በስልክ ካወሩም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረዎትን ሰው ስም ይመዝግቡ። ባንኩ መዝጋቱን በጽሑፍ ሲያረጋግጥልዎት ወረቀቱን ለመደብሩ የድጋፍ ክፍል ያቅርቡ። ገንዘቡ ለመደብሩ ሲመለስ እገዳው ብዙውን ጊዜ ይነሳል፤ ማረጋገጫ ግን ልሰጥዎት አልችልም።

እስከዚያ ልጁ አዲስ አካውንት ከፍቶ በሌላ ካርድ እንዳይገዛ። የድሮዎቹ ጌሞች ወደ አዲሱ አይሻገሩም። የኢትዮጵያውን ጭማሪ ለብቻው ከሌላ መደብር ልግዛ እንዳይልም። ማስፋፊያ የሚሠራው ዋናው ጌም ባለበት መደብር ብቻ ነው። ከስቲም የተገዛ ጭማሪ ኤፒክ በሚባለው ሌላ መደብር ላይ ያለን ጌም አይከፍትም። እንዲህ ገንዘባቸውን የጣሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ስለ ክሱ ከጠየቁኝ፣ በሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር ያለ ክርክር ዲስትሪክት ፍርድ ቤት፣ በትንንሽ ክርክሮች ችሎት ይታያል። ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል። የስቲም ዓይነት ውል ግን ክርክሩ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኪንግ ካውንቲ ይታይ ይላል፤ የእርስዎ መደብር ውል ምን እንደሚል መታየት አለበት። ከዚያ በፊት ግን በስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር ያለው የሸማቾች ክፍል አለ። አቤቱታ ተቀብሎ በነፃ ያሸማግላል። የሽያጭ ገጹ በእርግጥ አሳሳች ከሆነ እኔ የምጀምረው ከእሱ ነው። የባንኩ ጉዳይ ሳይጸዳ ግን አቤቱታ አያስገቡ።

አንድ ነገር ቀረ። አካውንቱ የተከፈተው በማን ስም ነው? በልጁ ከሆነ ውሉ የልጁ ነው፤ እርስዎ ካርድ ያበደሩ ሰው ነዎት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሉን ማፍረስ ይችላል የሚል ወዳጅ አይጠፋም። በመርህ ደረጃ እውነት ነው። ውሉ ሲፈርስ ግን ሌሎቹም ጌሞች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ደግሞስ ሲከፈት የልደት ቀኑን ስንት ብሎ ነው የሞላው? ዛሬ ማታ ልጁን አስቀምጠው በእርጋታ ይጠይቁት። መልሱን፣ ደረሰኙን፣ የባንኩን ቅጽ፣ ከመደብሩ ጋር የተጻጻፉትንና የተጫወተበትን ሰዓት የሚያሳየውን ስክሪንሹት ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ያለ ባንኩ ቅጽ ግን አይሂዱ፤ እሱን ያላየ ጠበቃ የሚሰጥዎት ምክር ለሌላ ሰው ጉዳይ ነው።